ሆዴ ነው ወይስ ፍርሃቴ? የሰውነትን ምልክት ማንበብና ማመን፣ ደረጃ በደረጃ

በድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ። አዲስ ተመራቂዎች ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ሲስተር፣ ታካሚው ሊደክም እንደሆነ በምን አወቅሽ?» ከሥራ ውጭ ያሉ ወዳጆቼም ያው ጥያቄ አላቸው። «ሆዴ አንድ ነገር እየነገረኝ ነው። ግን ሆዴ ይሁን ፍርሃቴ በምን ልወቅ?» ለእያንዳንዱ በቴሌግራም በድምፅ ስመልስ ከረምኩ። አሁን አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሆዳችሁ የሚነግራችሁ መረጃ ነው። ፍርዱ የእናንተ ነው። ሰውን የምናምነው ያለው ነገር ሲሆን ደጋግመን ስናይ ነው አይደል? ሆድም የሚታመነው እንደዚያው ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህ የሚያገለግሉ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪስ ውስጥ የሚገባ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይም መጻፍ ይቻላል፤ ግን ስልክ ከተከፈተ ሌላ ነገር ይዞ ይሄዳል።
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት
- አንድ ሳንቲም
- በቀን 10 ደቂቃ፣ ለ30 ቀን
- «አይዞሽ» ብሎ የማይዘጋው፣ «ምን አይተሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው

መጀመሪያ መነበብ ያለበት ማስጠንቀቂያ

ደረታችሁን ከጨመደዳችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላባችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ። ያ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሊሆን ይችላል። በሴቶች ላይ አንዳንዴ የጨጓራ ሕመም መስሎ ይመጣል።

ሁለተኛው፦ «ሰውነቴ ደህና ነህ ይለኛል» ብሎ መድኃኒት ማቆም። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ራስ ምታት የለ፣ ማዞር የለ፣ ሰውየው እየሠራ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ኩላሊትና አንጎል ይጎዳል። ሰውነት ስለ ሁሉም ነገር አይናገርም። ዝም በሚልበት ጉዳይ መሣሪያውን እመኑ።

ደረጃ 1፦ ልካችሁን እወቁ (የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት)

በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ፣ ለአንድ ደቂቃ ቁጭ በሉ። ከላይ ወደ ታች ውረዱ። መንጋጋ፣ ጉሮሮ፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ሆድ፣ መዳፍ። ተወጥሯል? ላልቷል? ሞቋል? ቀዝቅዟል? ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ጻፉ። ምክንያት አትፈልጉ።

ለምን ይጠቅማል? የደም ግፊት 100 በ60 ደህና ነው ወይ ብትሉኝ፣ «የማን?» እላችኋለሁ። ሁልጊዜ 100 በ60 የሆነች ቀጭን ወጣት ከሆነች ደህና ነች። ሁልጊዜ 160 የሚሆኑ አባት ዛሬ 100 ከገቡ ግን እሮጣለሁ። የሚናገረው ለውጡ ነው። ትከሻችሁ ዓመቱን ሙሉ የተወጠረ ከሆነ፣ ዛሬ ስብሰባ ላይ መወጠሩ ስለ ስብሰባው ምንም አይነግራችሁም።

ደረጃ 2፦ ልባችሁን ሳትነኩ ቁጠሩ

ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ተቀመጡ። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉ። የእጅ አንጓችሁንም አንገታችሁንም ሳትነኩ፣ የሚሰማችሁን ምት ብቻ ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ። አትገምቱ። ካልተሰማ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ እንደገና 30 ሰከንድ ቁጠሩና አስተያዩ።

ሰው በዚህ በጣም ይለያያል። መጀመሪያ ላይ ዜሮ የጻፈ ሰው አይደንግጥ። ሥራው ጆሮን ወደ ውስጥ ማዞር ነው። መስመሩ በእርግጥ አለ። ቬገስ የሚባለው ረጅም ነርቭ ከአንጎል ተነስቶ እስከ ሆድ ዕቃ ይወርዳል። ከክሮቹ ወደ 80 በመቶ የሚሆኑት መልእክት የሚያመላልሱት ከታች ወደ ላይ፣ ከአካል ወደ አንጎል ነው። አንጀታችን ራሱ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ሆዳችን ዝም ብሎ ቧንቧ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛ ስሙን ስጡት

ይሄኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ከደብተራችሁ ላይ አንድ ቃል አግዱ፦ «ደበረኝ»። ፈርተን ደበረኝ፣ አፍረን ደበረኝ፣ ተናደን ደበረኝ፣ እንቅልፍ አጥተን ደበረኝ። ቃሉ ሁሉንም ስለሚሸፍን ምንም አያሳይም። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ቃል አለው፤ እነሱን አውጡ። እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህን ነው፦

- ባር ባር አለኝ። ቦታው ሆድ ነው። አንድ ነገር የጎደለ፣ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ብቻ የመሆን ዓይነት ስሜት።
- ሽምቅቅ አልኩ። ትከሻና አንገት ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ብዙ ጊዜ ሰው ፊት ነው የሚመጣው።
- ቀፈፈኝ። ቆዳ ላይ ነው። ሰውነት ወደ ኋላ መሸሽ ይፈልጋል።
- ክው አልኩ። ድንገት ነው፤ ትንፋሽ ቀጥ ይላል።
- ጭንቅ ጥብብ አለኝ። ደረት ላይ ነው፤ አየር ያንሳል።
- ቀልቤ አላረፈም። የሚያም ቦታ የለም፤ ግን መቀመጥ አያስችልም።
- ቀለል አለኝ፣ እፎይ አልኩ፣ ልቤ አረፈ። እነዚህን መጻፍ ሁሉም ሰው ይረሳል። ሆድ «ሂድ» ማለትም ያውቃል። የክፉውን ብቻ የሚመዘግብ ሰው በወሩ መጨረሻ ያለው የፍርሃት ደብተር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቃሉን ቀስ ብላችሁ ለራሳችሁ በሉት። ከዚያ ሰውነታችሁን ጠብቁት። ካልገጠመ ምንም አይፈጠርም። ሌላ ቃል ሞክሩ። ሲገጥም የሆነ ነገር ላላ ይላል፤ ትንፋሽ ይወርዳል ወይም ትከሻ ይለቃል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፈላስፋና የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዩጂን ጀንድሊን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ብዙ የሥነ ልቦና ሕክምና ቅጂዎችን ሲያዳምጥ ያስተዋለው ይህን ነበር። ሕክምናው የጠቀማቸው ሰዎች መሃል ላይ ቆም ብለው፣ ግልጽ ላልሆነው የሰውነት ስሜት ቃል የሚፈልጉት ነበሩ።

አንድ ጓደኛዬ የተሻለ ሥራ አግኝታ መወሰን አቃታት። «ሆዴ አትሂጂ እያለኝ ነው» አለችኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጥን ነበር። ምን ብሎ እንደሚጠራ ጠየቅኳት። «ፈራሁ» አለች። ቢላዋዋ አላቆመም። «ከበደኝ» አለች። አልሆነም። ቆየችና «አፈርኩ» አለች። ቢላዋውን አስቀመጠች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። ሥራውን ያስተማረቻትን አለቃዋን ትታ መሄዱ ነው ያሳፈራት። ስለ አዲሱ መሥሪያ ቤት ሆዷ ምንም አላለም ነበር። አለቃዋን ሄዳ አነጋገረቻት፣ ሥራውንም ያዘች። ስሙ ባይገኝ ኖሮ እፍረትን እንደ ማስጠንቀቂያ ቆጥራ ትቀር ነበር።

ደረጃ 4፦ አስመሳዮቹን አጣሩ

ስሜቱ ከመጣ በኋላ እነዚህን አምስት ጠይቁ፦ በልቻለሁ? ተኝቻለሁ? ቡና ስንት ጠጣሁ? የወር አበባዬ ቀርቧል? አሞኛል?

ቡና ከተጠጣ 5 ሰዓት ገደማ በኋላም ካፌኑ ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ የተነሳ ሰው ልቡ ድው ድው ቢል፣ ስለ እጮኛው ላይሆን ይችላል። ጾም ላይ ሆናችሁ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ መነጫነጭም እንዲሁ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበውና ልቡ ከመታ መጀመሪያ ስኳሩን ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ ጣፋጭ ነገር ይውሰድ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሆድ የሚወራው።

ለምን? ሰውነት ለረሃብም፣ ለፍርሃትም፣ ለፍቅርም የሚጠቀምበት ልብ አንድ ነው። ላቡም አንድ ነው። ብሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ተኙ፣ ከዚያ እንደገና ጠይቁ። በልታችሁና ተኝታችሁም ካለ ቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ «የት ላይ ጀመረ?» ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ

ሆድና ፍርሃትን ለመለየት እኔ የማውቀው ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው። ፍርሃት ስለ ነገ ያወራል፤ «እንዲህ ቢሆንስ፣ እንዲያ ቢሆንስ» እያለ ይዘረዝራል። ሆድ የነገረን ከሆነ ብዙ ጊዜ ከኋላው ዓይን ያየው ወይም ጆሮ የሰማው አንድ ነገር አለ። ያን ነገር ፈልጉ።

አንድ ጊዜ በደላላ የሚከራይ ቤት ላይ ሄድኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፣ አከራይ ነኝ ያለው ሰው ጨዋ ነው። «ብዙ ሰው ይፈልገዋል፣ የስድስት ወር ዛሬ ከከፈልሽ ቁልፉን ውሰጂ» አለኝ። ብሩን ለመላክ ስልኬን አወጣሁ። ሆዴን ባር ባር አለኝ። ምክንያቱን አላውቀውም። «ነገ ከወንድሜ ጋር እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከበሩ ጀምሬ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ግቢው፣ ሳሎኑ፣ ኩሽናው፣ ምንም። መኝታ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ሆዴ እንደገና ጭብጥ አለ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ሰውየው አንድ ቁልፍ ሞከረ፣ እምቢ አለው። ሁለተኛ። ሦስተኛ። በአራተኛው ነው የከፈተው። እንግዲህ የራሱን መኝታ ቤት ቁልፍ የማያውቅ ባለቤት! ዓይኔ አይቶታል፣ እኔ ግን ግድግዳውን ነበር የማየው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማጣራት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። ስድስት ወር ማለቱ ብቻውን በቂ ነበር። በማግስቱ ጎረቤት ጠየቅን። ሰውየው ራሱ ተከራይ ነበር፤ ሊለቅ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ወደ ኋላ ሄዳችሁ ምንም ካላገኛችሁስ? ስሜቱን አትጣሉት፣ አትታዘዙትም። ጻፉትና ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሁሉ ጊዜ ላለው ሰው ነው። ማታ በተሳፈራችሁበት መኪና፣ ብቻችሁን በገባችሁበት ቢሮ ወይም ጭር ባለ መንገድ ላይ ሰውነታችሁ ሽምቅቅ ካለ ምክንያት አትፈልጉ። ሰውና መብራት ወዳለበት ሂዱ። ተሳስታችሁ ሰው አስቀይማችሁ ከሆነ ነገ ይቅርታ ይጠየቃል።

ደረጃ 6፦ ውጤቱ ሳይታወቅ ጻፉ

ገጹን አምስት ቦታ ክፈሉት፦ ቀን፤ ስሜቱ ከነቦታው፤ ምን ይሆናል እንዳላችሁ፤ ከ10 ስንት ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ፤ ምን ሆነ። የመጨረሻውን ባዶ ተዉት።

የእኔን አንድ መስመር ላሳያችሁ። «ጥቅምት 9። ቀልቤ አላረፈም፣ ደረት። 4 ቁጥር አልጋ ላይ ያሉት እናት እስከ ማታ ይደክማሉ። 7።» ሁለት ቀን ቆይቶ የተሞላው፦ «አልደከሙም። ማክሰኞ ወጡ።»

ለምን አስቀድሞ? ነገሩ ካለፈ በኋላ ሁላችንም «ድሮም ታውቆኝ ነበር» እንላለን። እውነት ይመስለናል። ትዝታችን ውጤቱን ካወቀ በኋላ ራሱን ያስተካክላል። በቀለም የተጻፈ ግን አይስተካከልም። ይህን ደረጃ ከዘለላችሁ ቀሪውን መሥራት አያስፈልግም፤ ሆዳችሁ ትክክል ይሁን ስህተት የምታውቁበት መንገድ የለም።

ደረጃ 7፦ በትንንሹ ተለማመዱ

በትዳር ወይም በቤት ግዢ አትጀምሩ። ውጤቱ በቀኑ ወይም በሳምንቱ በሚታወቅ ነገር ጀምሩ። ይህ ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል? ስብሰባው በሰዓቱ ያልቃል? ልጁ ትኩሳቱ ማታ ይመለሳል?

ሳንቲሙ እዚህ ነው የሚያገለግለው። በሁለት እኩል ነገሮች መሃል ስትቸገሩ ወርውሩት። ሳንቲሙን አትታዘዙት። ውጤቱን ባያችሁበት ቅጽበት ሰውነታችሁ ምን እንዳለ ያዙ። እፎይ አላችሁ? ወይስ እጃችሁ «አንድ ጊዜ ልድገመው» አለ?

በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የአንጎል ተመራማሪው አንቶኒዮ ዳማሲዮና ባልደረቦቹ የአንድ የካርታ ጨዋታ ሙከራ ውጤት አሳትመው ነበር። ሰዎች ከአራት ክምር ካርታ እየመረጡ ይጫወታሉ። ሁለቱ ክምሮች ትልቅ እያስበሉ ቆይተው የሚያከስሩ ናቸው። አሥር ያህል ካርታ ካዩ በኋላ፣ ተጫዋቾቹ ወደ መጥፎው ክምር እጃቸውን ሲሰዱ መዳፋቸው ማላብ ይጀምራል። ክምሩ መጥፎ መሆኑን በአፋቸው የተናገሩት ግን ቆይተው ነው። ልብ በሉ፤ መዳፋቸው ያወቀው መጀመሪያ ከከሰሩ በኋላ ነው። ሰውነት የሚማረው ውጤት እያየ ነው። ትንንሽና ቶሎ የሚታወቅ ነገር የመረጥነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ በ30ኛው ቀን ደብተሩን አንብቡ

መስመሮቹን በዓይነት ለዩ። ሥራ፣ ገንዘብ፣ አዲስ ሰው፣ ልጆች፣ ጤና። በእያንዳንዱ ስንቱ ገባ፣ ስንቱ አልገባም?

ሆድ በሁሉም ነገር እኩል አያውቅም። እኔ በታካሚ ላይ ከአሥር ሰባት ስምንቱን አገኛለሁ። አዲስ ሰው ላይ ግን ግማሹን እስታለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬን ገና በገባ ቀን «ቀፈፈኝ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቱም ጊዜ ያሰብኩት አልሆነም፤ እንዲያውም አዳሬን የሚሸፍንልኝ እሱ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ድምፁ ሕጻን ሆኜ ከሚገርፈኝ አስተማሪ ድምፅ ጋር አንድ ነው። ሆዴ ያስታወሰው ያን አስተማሪ ነበር።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነገሩ ሥርዓት ያለውና የሚደጋገም መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ አይታችሁት፣ መሳሳታችሁንም ቶሎ አውቃችሁ መሆን አለበት። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በቤልጂየም 3890 ሕጻናትና ታዳጊዎችን ተከታትሎ ነበር። ሐኪሙ ልጁን መርምሮ ደህና ይመስላል ብሎ፣ ግን ቀልቡ ካላረፈ፣ ያ ስሜት ከባድ ኢንፌክሽንን ይጠቁም ነበር። የወላጅ ጭንቀትም ሐኪሞቹን ቀልባቸው እንዳያርፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነበር። እናት «ልጄ እንደ ወትሮው አይደለም» ስትል የምሰማት ለዚህ ነው። የልጇን ልክ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ሎተሪና የስፖርት ውርርድ ግን ሥርዓት ያለው ድግግሞሽ የላቸውም። እዚያ ላይ ሆድ የሚማረው ነገር የለም።

ደረጃ 9፦ ለትልቁ ውሳኔ

አንድ ቀን ሙሉ «እሺ ብያለሁ» ብላችሁ ዋሉ። ለማንም አትንገሩ፤ ግን እሺ እንዳለ ሰው ቁርስ ብሉ፣ ሥራ ሂዱ። ማታ ሰውነታችሁን መዝግቡ። በማግስቱ «እምቢ ብያለሁ» ብላችሁ ዋሉ። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አንብቡና፣ በጉዳዩ ላይ ሆዳችሁ ያለውን ታሪክ ከደረጃ 8 አምጡ። ከዚያ ቁጥሩን፣ ውሉን፣ ሰነዱን አዩ።

ለዚህ ጊዜ ያስፈልጋል። ጊዜ የሚነሳን ደግሞ ይሉኝታ ነው። ሆዳችን ነግሮን እያለ፣ ሰው ፊት «አይ» ማለት አፍረን የፈረምነው ስንት ነው! ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አስቀድማችሁ ተለማመዱት፣ በድምፅ፦

- «አመሰግናለሁ፣ ነገ ላሳውቅዎት።»
- «ከቤት ሰዎች ጋር ሳልመክር አልወስንም።»
- «ዛሬ ካልሆነ የሚቀር ከሆነ፣ እንግዲህ ይቅርብኝ።»

ሦስተኛዋ ከባድ ናት። መስታወት ፊት አሥር ጊዜ በሏት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*ምልኪን ከሆድ ጋር መቀላቀል።* የዓይን ቆብ መርገብገብ አብዛኛውን ጊዜ ከድካም፣ ከቡናና ከእንቅልፍ ማጣት ነው። እዚህ የምንመዘግበው ሰው ወይም ነገር ፊት ስንሆን የሚመጣውን ለውጥ ነው።

*ጥላቻን ሆድ ማለት።* በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በአለባበሱ ወይም በአነጋገሩ የተነሳ ሰው ሲቀፋችሁ ሆዳችሁ የሚደግመው ከልጅነት የሰማችሁትን ነው። ደረጃ 5 ላይ «ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያደረገው ነገር ካልተገኘ ስሜቱ ስለ እሱ አይናገርም።

*መሸሽን ማሳመር።* ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ይቅርታ መጠየቅ፤ እነዚህ ሁሌም ሆድ ይበጠብጣሉ። አዲስ ነገር ያስፈራል። ፍርሃቱ ደረጃ 1 ላይ ካያችሁት የተለመደ ፍርሃታችሁ ጋር አንድ ከሆነ ግቡበት።

*አሥር ሰው መጠየቅ።* ከአሥር ሰው በኋላ የራሳችሁ ድምፅ አይሰማም። አንድ ሰው በቂ ነው፤ እሱም ከጻፋችሁ በኋላ።

*ከባድ ነገር አልፎባችሁ ብቻችሁን መሞከር።* ጦርነት፣ መደፈር፣ ድብደባ ያለፈበት ሰውነት አደጋ በሌለበትም ደወል ሊያሰማ ይችላል። ውስጣችሁን ስታዩ ክፉ ትዝታ ከመጣ፣ ወይም ድንገተኛ ድንጋጤ የሚደጋገምባችሁ ከሆነ፣ ይህን ከሥነ ልቦና ወይም ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ሆናችሁ ሥሩት።

*ቀኑን ሙሉ ራስን ማዳመጥ።* በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ አይታይም። መከታተሉ ራሱ ካስጨነቃችሁ ደብተሩን ለሁለት ሳምንት ዝጉት፣ በእግራችሁ ሂዱ፣ ከሰው ጋር ብሉ። ስትመለሱ ከደረጃ 1 ጀምሩ፤ ልካችሁ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።